የቤት ለቤት ነርሲንግ በመሀል አዲስ አበባ፦ ሲስተሯ «አይሆንም» ማለት ትችላለች ወይ?

በስትሮክ አልጋ የያዘ ወይም ካንሰር የጸናበት ሰው ከጥቁር አንበሳ ወይም ከዘውዲቱ ሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲገባ፣ አስታማሚዎቹ ብዙ ሳይቆዩ ነርስ ማፈላለግ ይጀምራሉ። እዚህ የምንገመግመው ከስታዲየም እስከ አራት ኪሎ ባሉ ሰፈሮች ነርሶችን በ12 ሰዓት ፈረቃ የሚልክ አንድ ድርጅት ነው። ስሙን ትተነዋል፤ የምናነሳው ጉድለት የእሱ ብቻ አይደለም።

የእጅ ሥራቸው ጥሩ ነው። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ ታማሚን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና አድርገው ያበላሉ፣ ከምግብ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አያጋድሙትም። ቱቦው ጨጓራ ውስጥ መሆኑን ለማረጋገጥ በቱቦው የተሳበው ፈሳሽ በፒኤች (አሲድነት መለኪያ) ወረቀት ተለክቶ 5.5 ወይም ከዚያ በታች ካልሆነ ምግብ አይጀምሩም። የሽንት ከረጢቱ ከፊኛ ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ወለል አይነካም።

ችግሩ ሌሊት ይመጣል። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ ታማሚውን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ማለት በአንድ ፈረቃ 6 ጊዜ ነው፤ ቻርቱ ላይም ስድስቱም ተፈርመዋል። ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቻርቱን ያነሳ አስታማሚ የ8 እና የ10 ሰዓቱ ፊርማ ከወዲሁ ተቀምጦ ያገኘዋል። ነርሷ ቀኑን በመንግሥት ሆስፒታል ዲውቲ ላይ ውላ ነው የመጣችው። በአንድ ደመወዝ ኪራይ ከፍሎ መኖር ስለማይቻል ሁለት ቦታ ትሠራለች፤ እሷን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ድርጅቱ ግን ነርስ ከስንት ሰዓት ዕረፍት በኋላ እንደምትመደብ በውሉ አንዲት መስመር አልጻፈም። መዘዙ ታማሚው ላይ ያርፋል። ደግሞ በጠቆረ ቆዳ ላይ የአልጋ ቁስል ሲጀምር መቅላቱ በደንብ አይታይም፤ የዳሌና የተረከዝ አጥንት ያለበትን በእጅ ዳብሶ ሙቀት ወይም መጠጠር መፈለግ ግድ ነው። ከባት ሥር ትራስ አድርጎ ተረከዝን ከፍራሹ ማንሳት ይረዳል። ቀለበት የሚመስለው ትራስ ግን ዙሪያውን ደም ስለሚያፍን ይቅር።

የድርጅቱ ኃላፊዎች «ቤተሰብ ያለውን እንፈጽማለን» ይላሉ፤ እኛን ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ይህ ነው። ያለ ሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ የመጣ ሴፍትሪያክሶን የተባለ የአንቲባዮቲክ መርፌ በቤተሰብ ቃል ብቻ ይወጋል። ታማሚው በድንገት ከባድ አለርጂ ቢነሳበት ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም አድሬናሊን ወዲያው ጭን ላይ መወጋት አለበት፤ በነርሷ ቦርሳ ውስጥ አድሬናሊን የለም። መድኃኒት አልወስድም ያለ ሽማግሌም ክኒኑ ተፈጭቶ በጁስ ይሰጠዋል። ቀስ እያለ እንዲሟሟ የተሠራ ኒፌዲፒን (የደም ግፊት ክኒን) ከተፈጨ ሙሉ መጠኑ ባንዴ ደም ውስጥ ይገባና ግፊቱን ከልክ በላይ ያወርደዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ አእምሮው ሙሉ የሆነ ሰው «አልፈልግም» ማለቱ ሊከበርለት ይገባል።

«ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሯት» የሚለው ልመና ከሁሉ ይከብዳል። ልጆቹ ክፋት የላቸውም፤ መርዶ እንኳ በሽማግሌ፣ በሰዓቱ በሚነገርበት አገር እናት ተስፋ እንዳትቆርጥ መፍራታቸው ይገባናል። ነገር ግን የአገሪቱ የጤና ሕግ ለሕክምና የታካሚውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የዚህ ድርጅት የስምምነት ቅጽ ደግሞ የሚፈረመው በበኩር ልጅ ብቻ ነው። ለታማሚዋ ሸክም የሚሆንባት ነገር በግድ ይነገራት አንልም። ገና ሥራ ሲጀመር «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎ እንንገር?» ተብላ ትጠየቅ፣ መልሷም ይጻፍ። «ለልጄ ንገሩልኝ» ካለች ውሳኔው የራሷ ነው። ሌሊት ላይ «ሲስተር፣ እድናለሁ?» ብላ ስትጠይቅም ነርሷ «አዎ» ብላ እንድትዋሽ ማስገደድ አይገባም፤ «ሐኪምዎ ቁጭ ብለው እንዲያስረዱዎት ነገ እጠራቸዋለሁ፣ ምን ያስጨንቅዎታል?» ትበል።

ለቱቦ ምግብ፣ ለካቴተር (ለሽንት ቱቦ) እና ለኦፕራሲዮን ቁስል እንክብካቤ ይህን ድርጅት እንመክራለን፤ በመጨረሻ ዘመኑ ላይ ላለ ሰው ግን ገና አይደለም። የሚዋዋል ቤተሰብ የነርሷን የሙያ ፈቃድና የሚያበቃበትን ቀን ይይ፣ ከመምጣቷ በፊት የት እንደምትሠራ ይጠይቅ፣ ያለ ማዘዣ መርፌ እንደማይሰጥና ነርሷ በዚህ ምክንያት እምቢ ብትል ከሥራ እንደማትነሳ በውሉ ያስጽፍ።