የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የኢራን ሪፖርቶች፦ የአገልግሎት ግምገማ

ዋና መሥሪያ ቤቱ በቪየና የሚገኘው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ስለ ኢራን የኑክሌር መርሐ ግብር በየሦስት ወሩ ገደማ ሪፖርት ያዘጋጃል፤ ሪፖርቱንም ማንኛውም አንባቢ ከድረ ገጹ በነፃ ማውረድ ይችላል። በነፃ ይባል እንጂ የኤጀንሲው መደበኛ በጀት የሚሸፈነው ከአባል አገራት መዋጮ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ አባል የሆነችው ኢትዮጵያም የድርሻዋን ትከፍላለች፤ ስለዚህ እኛም እንደ ደንበኛ አስተያየት ብንሰጥ ነውር አይሆንም።

የአገልግሎቱ ብርታት ቁጥሮቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢራን ከኃያላን አገራት ጋር በቪየና በደረሰችው ስምምነት መሠረት ዩራኒየም ማበልጸግ (ማለትም ለነዳጅ ወይም ለቦምብ የሚያገለግለውን የዩራኒየም ዓይነት ድርሻ ማሳደግ) የምትችለው እስከ 3.67 በመቶ፣ ማከማቸት የምትችለውም እስከ 300 ኪሎ ግራም ብቻ ነበር። አሜሪካ በሜይ 2018 ከስምምነቱ ከወጣች በኋላ ይህ ገደብ ደረጃ በደረጃ ሲጣስ፣ የሆነውን ነገር ከየትኛውም ዲፕሎማት መግለጫ በተሻለ ጥራት መዝግበው ያቆዩት እነዚህ ሪፖርቶች ናቸው። እስራኤል ጥቃት በከፈተችበት በጁን 13 ቀን 2025 ኢራን እስከ 60 በመቶ የበለጸገ 440.9 ኪሎ ግራም ዩራኒየም እንደነበራት ኤጀንሲው ገምቷል። በኤጀንሲው መለኪያ ከዚህ ውስጥ 42 ኪሎ ግራም ያህሉ ይበልጥ ቢበለጽግ ለአንድ ቦምብ ሊበቃ ስለሚችል፣ የቀረውን ስሌት አንባቢው ራሱ መሥራት ይችላል።

ድክመቱ የሚጀምረው ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ ነው። ኢራን በፌብሩዋሪ 2021 ድንገተኛ ፍተሻን የሚፈቅደውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል መተግበር አቆመች፤ በጁን 2022 ደግሞ የኤጀንሲው 27 ካሜራዎች ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሴንትሪፉጅ (ዩራኒየም የሚያበለጽግ መሣሪያ) እንደተመረተ ተከታታይ መረጃ እንደሌለው ኤጀንሲው በየሪፖርቱ ሳይሸሽግ ይጽፋል። የኢራን የኑክሌር ተቋማት የሚገኙባቸው ናታንዝ፣ ፎርዶና ኢስፋሃን በጁን 2025 በቦምብ ከተመቱ በኋላ በዚያው ዓመት በወጡት ሪፖርቶችም የበለጸገው ዩራኒየም ክምችት የት እንዳለ ማረጋገጥ አለመቻሉን ገልጿል። ብዙዎች ይህን እንደ ውድቀት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን አገልግሎቱን እንዳምነው ያደረገኝ በዋናነት ይኸው ግልጽነት ነው። የፍተሻ ፈቃድ የሚገኘው በመንግሥታት ድርድር እንጂ በተቆጣጣሪዎቹ ጉብዝና አይደለምና፣ የዲፕሎማሲውን ጉድለት በእነርሱ ማሳበብ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

አቀራረቡ ግን ሊሻሻል ይገባዋል። ሪፖርቱ በቅድሚያ የሚቀርበው 35 አባላት ላሉት የገዥዎች ቦርድ ስለሆነ፣ ለሕዝብ በይፋ እስኪለቀቅ ድረስ ይዘቱ በዜና አውታሮች አፈትልኮ ያልቃል። አንቀጾቹ ወደ ቀደሙ ሪፖርቶች ስለሚጠቁሙ አንዱን ለብቻው አንብቦ መረዳት ያዳግታል፤ ብዙ ጊዜም ዋናው ነገር የሚገኘው በግርጌ ማስታወሻው ውስጥ ነው።

ለጋዜጠኞች፣ ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪዎችና የድርድሩን ሂደት በቁጥር ለመከታተል ለሚሹ ሁሉ አገልግሎቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ኢራን ቦምብ ለመሥራት ወስናለች ወይስ አልወሰነችም ለሚል አንባቢ ግን፣ ሪፖርቱ የሚመዝነው ቁስን እንጂ ሐሳብን ስላልሆነ፣ መልስ አይሰጠውም።