ከመጋረጃ ጀርባ የሚሥል ሠዓሊ፦ ሀዋሳ ላይ ስላገኘነው አገልግሎት

የቴአትር ክበባችን ሀዋሳ ላይ ላቀረበው ተውኔት ከፎቶግራፍ አንሺ ሌላ ሠዓሊም ይቀጠር የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ ከአባላቱ ብዙዎቹ ገንዘቡ ለአልባሳት ቢውል ይሻላል ብለው ነበር። አገልግሎቱን የሚሰጠው በከተማዋ የሚኖር ወጣት ሠዓሊ ሲሆን፣ ሥራው በልምምድና በትርዒት ጊዜ ከመድረክ ጀርባ ተቀምጦ ተዋንያኑንና ሠራተኞቹን እዚያው እያየ መሣል፣ በመጨረሻም የተመረጡትን ሥዕሎች ማስረከብ ነው። ሥዕሎቹን ተረክበን ካየናቸው በኋላ የደረስኩበት ፍርድ፣ በልምምድ ወቅት የሠራቸው ከከፈልነው በላይ ዋጋ ያላቸው ሲሆኑ፣ የትርዒቱ ምሽት ሥራው ግን ያን ያህል የሚያስከፍል አይደለም የሚል ነው።

በልምምዱ ወቅት የተሣሉትን ልዩ ያደረጋቸው ሠዓሊው የመረጠው ጉዳይ ነው። መድረክ ላይ ያለውን ትቶ ተራውን የሚጠብቀውን ሰው ሣለ። የእናትን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው አንጋፋ ተዋናይት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዐይኗን ጨፍና፣ ቃለ ተውኔቷን በከንፈሯ ብቻ ስታነበንብ የሚያሳየው የከሰል ንድፍ ከሁሉም ይልቃል፤ እጆቿ ጉልበቷ ላይ የተቀመጡበት ሁኔታ ብቻውን ሴትዮዋ መድረክ ለመውጣት ምን ያህል እንደምትጨነቅ ይናገራል። መርፌ በከንፈሯ ይዛ የአንዱን ተዋናይ ቀሚስ ጫፍ የምትሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ጀበናና ረከቦት ታቅፎ ምልክት የሚጠብቀው ልጅም በዚሁ መንገድ ተይዘዋል። ካሜራ ሲደቀንበት ፊቱን የማያስተካክል ሰው ጥቂት ነው። ይህ ሠዓሊ ግን ጥግ ይዞ ለረጅም ሰዓት ስለሚቀመጥ ውሎ አድሮ መኖሩ ይረሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ መልክ ይዞ ይወጣል። ወደ ሴቶች መልበሻ ክፍል ከመግባቱ በፊት እያንዳንዷን ማስፈቀዱንና አልሣልም ላለችው ወረቀቱን ማጠፉንም ሳልጠቅስ አላልፍም።

አሠራሩ በዓለም ሥነ ሥዕል የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ኤድጋር ደጋ የፓሪስ ኦፔራ ዳንሰኞችን በልምምድ ላይና ከመጋረጃ ጎን ሆነው ሲጠብቁ በመሣል የሚታወቅ ሲሆን፣ ከሥዕሎቹ አብዛኞቹን ያጠናቀቀው ግን ንድፎቹንና ትዝታውን ይዞ በስቱዲዮው ነው። እንግሊዛዊቷ ሎራ ናይትም በ1919 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ያሳይ ከነበረው የሩሲያ የባሌት ዳንስ ቡድን ጋር ከመድረክ ጀርባ እንድትሥል ተፈቅዶላት ነበር። የእኛ ሠዓሊ ከደጋ ቢማር ኖሮ የትርዒቱን ምሽት ሥዕሎች እዚያው በቀለም ለመጨረስ ባልተጣደፈ።

የምሽቱ ችግር መብራት ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ብርሃን ተመልካቹን እንዳይረብሽ ደብዛዛና ሰማያዊ ስለሆነ፣ በዚያ ብርሃን ቀዩ ቀለም ጥቁር መስሎ ይታያል፤ የቀለም ሳህኑ ላይ የተቀላቀለውም እንዲሁ ያታልላል። በመሆኑም በማግሥቱ በፀሐይ ብርሃን ሲታዩ የተዋንያኑ ፊት አረንጓዴ ያዘለ፣ ደማቁ ቀይ ካባም የደረቀ ደም የመሰለባቸው ሥዕሎች ተረክበናል። በውሃ የሚቀጥነውን አክሪሊክ ቀለም መጠቀሙ ግን ትክክል ነበር፤ ቶሎ ይደርቃል፣ የዘይት ቀለም ማቅጠኛ ሽታም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተዋንያኑን አላሳላቸውም። ሸራውን የሚያቆምበት እንጨት ግን ትዕይንት በተቀየረ ቁጥር ሰው በሚሯሯጥበት ጠባብ መተላለፊያ ላይ መተከሉ የመድረክ አስተዳዳሪውን አስቆጥቶታል፤ እኔም እፈርድለታለሁ። የሚገርመው፣ የዚያ ምሽት ምርጡ ሥራ የተገኘው ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ጊዜ ነው፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ተዋንያኑ በስልክ ብርሃን ተሰባስበው የቆሙበት ንድፍ ቀለም ስላልነካው የሚያታልል ነገር አልነበረበትም።

ስለ ርክክቡ ብዙ የሚባል የለም። ቀብድ ከፍለናል፣ ቀሪውን በርክክብ ጊዜ ሰጥተናል፣ ከቀጠሮው ትንሽ ዘግይቷል። ጠመኔ በሚመስለው ቀለም በፓስቴል የተሠሩት ግን ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ማጽኛ ሳይረጭባቸው ስለመጡ ዱቄታቸው በእጅ ይነሣል፤ ያለ መስታወት ሊሰቀሉ አይችሉም፣ የመስታወትና የፍሬሙ ወጪ ደግሞ በስምምነቱ ውስጥ አልነበረም። ሠዓሊው ሥዕሎቹን አባዝቶ መሸጥ ይችል እንደሆነም በውሉ ላይ አልሰፈረም፤ ፊታቸው የተሣለባቸው ተዋንያን ይህን አጥብቀው ጠይቀዋል።

አገልግሎቱን ለሌሎች የቴአትር ቡድኖች እመክራለሁ፤ ምክሬ ግን ከልምምዱ አጋማሽ ጀምሮ እንዲቀጥሩት፣ ለትርዒቱ ምሽት ከሰልና ግራጫ ወይም ቡናማ ወረቀት ብቻ ይዞ እንዲገባ፣ ቀለሙንም በኋላ በቀን ብርሃን እንዲሠራው በውል እንዲያስገቡ ነው። እኛም ለሚቀጥለው ተውኔት የምሽቱን ክፍያ ወደ ልምምድ አዛውረን በዚሁ መልክ ልንዋዋለው ተስማምተናል፤ የማባዛት መብቱ ጉዳይ ገና በድርድር ላይ ነው።