የኤቢኤስ መብራት የበራበት አሮጌ መኪና፦ ሴንሰር መግዛት፣ ሞጁል ማስጠገን ወይስ ማቋረጥ?

በአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የኤቢኤስ (በጠንካራ ፍሬን ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራት በርቶ አልጠፋ ሲል ለባለቤቱ አራት መንገድ ይቀርብለታል፦ የጎማ ፍጥነት ሴንሰር መለወጥ፣ ሞጁሉን (የኤቢኤሱን ኮምፒውተር) ማስጠገን፣ ያገለገለ ሞጁል ገዝቶ መግጠም፣ ወይም ፊውዙን ነቅሎ መተው። የመጨረሻው ምንም ስለማያስወጣ ብዙ ሰው ወደሱ ያዘነብላል። የእኛ ሐሳብ ግን ሌላ ነው። በአሮጌ መኪና ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ጎማው አካባቢ ነው፤ በትንሽ ዕቃ፣ አንዳንዴም በጽዳት ብቻ ይፈታል። ስለዚህ ሳይለኩ ሞጁል መግዛትም ሆነ ፊውዝ መንቀል ችኮላ ነው።

መጀመሪያ የሚገዛው መለኪያ ነው

ርካሹ የብልሽት ኮድ ማንበቢያ (ስካነር) አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው የሞተር ኮድ ብቻ ነው። የኤቢኤስ ኮድ የሚቀመጠው በራሱ በኤቢኤሱ ሞጁል ውስጥ ስለሆነ ማንበቢያው «ኮድ የለም» ማለቱ ምንም አያረጋግጥም። ስካነር ሲገዙ «ኤቢኤስ ያነባል» የሚለው ጽሑፍ አይብቃዎት፤ የመኪናዎን ሞዴልና ዓመት መደገፉን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአራቱን ጎማ ፍጥነት በቀጥታ ማሳየቱን ይጠይቁ። የዋጋው ልዩነት የሚያዋጣው በዚህ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይንዱ፣ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ስክሪኑን ይከታተል። አራቱ ቁጥሮች ተቀራርበው መሄድ አለባቸው። ለመቆም ፍጥነት ሲቀንሱ ሦስቱ 10፣ 9፣ 8 እያሉ ሲወርዱ አንዱ በድንገት 0 ላይ ከወደቀ፣ ችግሩ ያለበት ጎማ ተገኘ ማለት ነው።

ብዙ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩ መኪኖች ስካነርም አያስፈልጋቸውም። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች የመመርመሪያው ሶኬት ላይ ቲሲ (Tc) እና ኢ1 (E1) የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ሲከፍቱ መብራቱ ኮዱን በብልጭታ ይቆጥራል፤ አንዳንዱ ሞዴል ላይ አስቀድሞ መነቀል ያለበት አጭር ማገናኛ አለ። 31 የቀኝ ፊት፣ 32 የግራ ፊት፣ 33 የቀኝ ኋላ፣ 34 የግራ ኋላ ሴንሰር ነው። 41 ከወጣ ሴንሰር አይግዙ፤ ኮዱ የሚናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መገኘት አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ መጀመሪያ ዲናሞውንና ባትሪውን ያስፈትሹ።

ሴንሰር፦ ኦሪጅናል፣ ርካሽ ወይስ ያገለገለ

ከመግዛትዎ በፊት የመኪናዎ ሴንሰር ከሁለቱ ዓይነት የትኛው እንደሆነ ይወቁ። የድሮው ዓይነት በማግኔት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው፤ ጥርስ ያለው ቀለበት ፊቱ ሲዞር በራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በቴስተር ሲለካ አብዛኛውን ጊዜ ከ800 እስከ 2,500 ኦም ይሰጣል። ጎማውን በክሪክ አንሥተው በሰከንድ አንድ ዙር ያህል በእጅ ሲያዞሩ በኤሲ ቮልት መለኪያ ላይ የአንድ ቮልት ጥቂት አሥረኛ ሊታይ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው አዲሱ ዓይነት ከሞጁሉ ኃይል ተቀብሎ የሚሠራ ነው፤ እሱን በኦም መለካት ትርጉም የለውም፣ ሊያበላሸውም ይችላል። ሶኬታቸው ሲታይ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ሁለት ሽቦ አላቸው፣ ግን አንዱ በሌላው ፈንታ አይሠራም።

የድሮውን ዓይነት ሲለኩ ቴስተሩ እንደተሰካ ሽቦውን ከጎማው እስከ ሻንሲው ድረስ በእጅዎ እያጠፉ እያንቀሳቀሱ ይከታተሉት። ቁጥሩ ከዘለለ ወይም ከጠፋ፣ ላስቲኩ ምንም ሳይመስል ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል። ይህ በብዛት የሚደርሰው የፊት ጎማ መሪ ሲዞር ሽቦው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ሶኬቱን ከፍተው አረንጓዴ ዝገት ካዩም ውኃ ገብቷል።

በምርጫው ላይ፦ ለድሮው ዓይነት የታወቀ መለዋወጫ አምራች ሴንሰር ከመኪናው አምራች ካርቶን እኩል ያገለግላል፤ አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ለካርቶኑ ስም ተጨማሪ መክፈል አይጠይቅም። ለአዲሱ ዓይነት ግን በጣም ርካሹን አንመክርም። ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስላለ ጥራቱ ይለያያል፤ ስም የለሹ ሲገጠም ሠርቶ ሲሞቅ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። በሁለቱም ዓይነት የሽቦውን ርዝመትና የማሰሪያ ላስቲኮቹን ቦታ ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ፤ ያጠረ ሽቦ መሪ ሲታጠፍ ተወጥሮ ይበጠሳል። ያገለገለ ሴንሰር ደግሞ ከማቀፊያው ሲወጣ ፕላስቲኩ የመሰንጠቅ ዕድሉ ትልቅ ስለሆነ ከመግዛት ይቆጠቡ።

አሮጌውን ሲያወጡ ብሎኑን ከፈቱ በኋላ በፕላስቲኩ አይጎትቱት። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭተው ጥቂት ይጠብቁ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እያዞሩ ያውጡት። አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት የሚቀመጥበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ይጥረጉ። በድሮው ዓይነት ሴንሰር ጫፍና በቀለበቱ መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አካባቢ አይበልጥም፤ ከሥሩ የተጋገረ ዝገት ሴንሰሩን በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢያነሣው እንኳ መልእክቱ ይደክማል።

አንድ ምልክት ለብቻው መነገር አለበት። መብራቱ ሳይበራ፣ መኪናው ሊቆም ጥቂት ሲቀረው ፔዳሉ እግር ሥር የሚንቀጠቀጥና የሚያጉረመርም ከሆነ ሞጁሉ አንድ ጎማ የተቆለፈ መስሎታል። ሰው ፊውዝ ለመንቀል የሚቸኩለው በብዛት በዚህ ጊዜ ነው፤ መንስኤው ግን ብዙውን ጊዜ ያው የዝገት ክፍተት ወይም የተሰነጠቀ ቀለበት ነው። በአክሰሉ ላይ የተገጠመውን ቀለበት ሙሉ ዙር እያዞሩ በባትሪ መብራት ይዩት፤ ከሥሩ ያበጠ ዝገት ቀለበቱን ስለሚለጥጠው ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሊሆን ይችላል። የዚያን ጊዜ የሚገዛው ቀለበት ነው፤ የጥርሱን ብዛት ቆጥረው ይግዙ። አክሰል ወይም ኩሽኔታ ከተለወጠ በኋላ የጀመረ ችግር ከሆነም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው፦ የጥርስ ብዛቱ የተለየ አክሰል፣ ወይም በቀለበቱ ፈንታ የሚያገለግለው ማግኔት ያለበት ጎኑ ከሴንሰሩ በተቃራኒ የተገጠመ ኩሽኔታ።

ሞጁል፦ ማስጠገን፣ ያገለገለ ወይስ አዲስ

ስካነሩ ከኤቢኤሱ ጋር መገናኘት ካቃተው፣ ወይም መብራቱ ጠዋት ጠፍቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚበራ ከሆነ ሞጁሉን መጠርጠር ይቻላል። ከመፍረድ በፊት ግን ሶኬቱን ነቅለው በወፍራሙ የኃይል ሽቦና በወፍራሙ የመሬት ሽቦ መካከል 55 ዋት የፊት መብራት አምፖል ያገናኙ። ቴስተር በተበላ ሽቦም 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ አምፖሉ ግን አይታለልም። ደብዝዞ ከበራ ጥፋቱ ፊውዙ፣ ሽቦው ወይም የመሬት ማያያዣው ላይ ነው።

ኃይሉ ደህና ከሆነ በእኛ አስተያየት ከሦስቱ የሚሻለው የራስን ሞጁል ማስጠገን ነው። የመኪናው ኮድ ከውስጡ ስለማይጠፋ ተመልሶ ሲገጠም እንደገና ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በብዙ ሞዴሎች ሞጁሉ ከሃይድሮሊክ ክፍሉ (የፍሬን ዘይት ከሚያልፍበት የቫልቮች ክፍል) በብሎን ብቻ ስለሚለይ የፍሬን ቱቦ አይከፈትም፣ አየርም አይገባም። በሙቀትና በንዝረት የሚላቀቁት የውስጥ ማያያዣዎቹ ናቸው፤ የፓምፕ ሞተሩ ማያያዣም አብሮ ይፈተሽ። አንዳንዱ ሞጁል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ሽቦዎች በተራ የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ አይያዙም፤ ለጠጋኙ ከመስጠትዎ በፊት የእርስዎን ዓይነት ሠርቶ እንደሚያውቅ፣ ዋስትና እንደሚሰጥም ይጠይቁት።

ያገለገለ ሞጁል ዋጋው ቢስብም በዕድሜ እኩያው ስለሆነ በዚያው በሽታ የመውደቅ ዕድል አለው። የሚገዙ ከሆነ የዕቃው ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል አንድ መሆን አለበት፤ ቅርጹ መመሳሰሉ አይበቃም። አዲሱ አስተማማኝ ነው፣ ለአሮጌ መኪና ግን የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ክፍል ሊወስድ ይችላል፤ ኮዲንግም (ከመኪናው ጋር ማስተዋወቅ) ይጠይቃል። ሃይድሮሊክ ክፍሉ አብሮ ከተለወጠ ቫልቮቹን በስካነር እያንቀሳቀሱ አየር የማስወጣት ሥራ ይጨመራል። የፍሬን ዘይቱም አምራቹ ያዘዘው፣ በብዛት ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ መሆን አለበት፤ የሲሊኮኑን ዶት 5 ኤቢኤስ ላይ አያስገቡ።

ማቋረጥ

ፊውዙ ሲነቀል ተራው ፍሬን በአብዛኞቹ መኪኖች ይሠራል፤ ችግሩ አብሮ የሚሄደው ነገር ነው። የፊትና የኋላ ጎማ የፍሬን ኃይል በኤሌክትሮኒክስ የሚከፋፈልባቸው መኪኖች ያን ክፍፍልም ያጣሉ፤ በጠንካራ ፍሬን የኋላ ጎማ ቀድሞ ተቆልፎ መኪናው ሊዞር ይችላል። ከኤቢኤሱ መብራት ጋር ቀዩ የፍሬን መብራትም ከበራ፣ የፍሬን ዘይቱ ያልጎደለ፣ የእጅ ፍሬኑም የወረደ ከሆነ፣ ምልክቱ ይህ ሊሆን ስለሚችል ፊውዙን መልሰው ይሰኩት። በአንዳንድ መኪና የፍጥነት መለኪያውም ይቆማል። በብዙ አገሮች ደግሞ በርቶ የቀረ የኤቢኤስ መብራት ዓመታዊ ምርመራ ያስጥላል።

ፈጽሞ የማይነካም አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ በተሠሩ አንዳንድ መኪኖች ላይ ያለው ቴቬስ ማርክ 2 የተባለ የኤቢኤስ ዓይነት ለፔዳሉ ጉልበት የሚሰጠው በራሱ ፓምፕና ግፊት በታመቀበት ኳስ ነው፤ ኃይሉ ከተቋረጠ ፔዳሉ ይደነድናል፣ የኋላ ፍሬንም ይጠፋል። ከማስተር ሲሊንደሩ ኋላ የሚታወቀው ትልቅ ክብ የፍሬን ሰርቮ ከሌለ የዚህ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ፊውዙን አይንኩ። ቱቦውን ለመፍታትም ቢሆን ቁልፉን ዘግተው ፔዳሉን ቢያንስ 25 ጊዜ እየረገጡ ግፊቱን ማውረድ ግድ ነው።

ዕቃ እስኪመጣ ለጥቂት ቀን ማቋረጥ ተገቢ የሚሆነው አንድ ጊዜ ነው፦ ኤቢኤሱ ሳያስፈልግ እየነቃ የመቆሚያ ርቀት ሲያረዝም፣ ቀዩም መብራት ሳይበራ ሲቀር። ያኔ ርቀት ጨምረው ይንዱ፤ እርጥብ መንገድ ላይ ጎማው ተቆልፎ መንሸራተት ከጀመረ ፔዳሉን ላላ ያድርጉት፣ ጎማው መዞር ሲጀምር መልሰው ይጫኑት፤ የተቆለፈ የፊት ጎማ መሪ አይታዘዝም። ሴንሰሩ ተገጥሞ ፊውዙ ከተመለሰ በኋላ ሰው በሌለበት የጠጠር ሜዳ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዱ ፔዳሉን በኃይል ይርገጡ፤ ፔዳሉ እግርዎ ሥር ከተንቀጠቀጠና መሪው ከታዘዘ ሥርዓቱ እየሠራ ነው።