ቪትዝ ላይ ሰብዉፈር ለገጠመልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለመግጠም ለምታስቡም ጥቆማ

ሶማሌ ተራ አካባቢ የመኪና ቴፕና ሰብዉፈር (ወፍራሙን የባስ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) የምትገጥመው ወንድማችን፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አናወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን። ሥራው ግን በአደባባይ መመስገን አለበት። ሌላ ቦታ የምታስገጥሙም ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ እንድታውቁ፣ ያደረገውን ከነምክንያቱ እንጻፈው።

መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ዋት አልነበረም። ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚደመጥና ከኋላ ስንት ሊትር ቦታ መልቀቅ እንደሚቻል ነው የጠየቀው።

የሰብዉፈር ካርቶን ላይ «ከ20 እስከ 200 ኸርዝ» (ኸርዝ በሰከንድ ስንቴ እንደሚርገበገብ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) የሚለውን ብዙ ሰው እንደ ዋስትና ያየዋል። አጠገቡ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) እንደሚወርድ ካልተጻፈ ግን ቁጥሩ ብዙም አይነግረንም። 20 ኸርዝ ላይ ድምፁ በ10 ዴሲቤል ወርዶም «20» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ይህ ለጆሮ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ድምፅ ማለት ነው። እሱ የሚፈልገው ከ3 ዴሲቤል በላይ ሳይወርድ እስከ ስንት ኸርዝ እንደሚደርስ ነው። ያ ካልተጻፈ የአምራቹን ሠንጠረዥ አውጥቶ ኤፍኤስን፣ ማለትም ኮኑ (የሚርገበገበው የሰብዉፈሩ ፊት) በራሱ የሚርገበገብበትን ኸርዝ ያያል። ለሙዚቃ ደግሞ እስከ 20 መውረድ ግድ አይደለም። የባለ 4 ክር ባስ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ፣ የባለ 5 ክሩ 31 ኸርዝ ገደማ ነው። 35 ኸርዝ ላይ ጉልበት ያለው ሰብዉፈር ለአብዛኛው ዘፈን ይበቃል።

ከላይ ያለው 200ም ቢሆን የሚያስፈልግ አይደለም። 80 ኸርዝ ላይ ይቆረጥና ከዚያ በላይ ያለውን የበር ስፒከሮቹ ይወስዱታል። ከፍ ብሎ ከተለቀቀ ባሱ ከኋላ እንደሚመጣ ጆሮ ይለየዋል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይደፈርሳል። ብዙ ገጣሚዎች ቴፑም ላይ አምፑም (የድምፅ ማጉያው) ላይ 80 ያደርጉና ሁለቱ ተደራርበው ባሱን ከሚገባው በላይ ይቆርጡታል። እሱ የአምፑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ የቴፑን ብቻ ይጠቀማል።

የመረጠው 10 ኢንች በዝግ ሳጥን ነው፤ ለትንሽ መኪና ልክ ነው እንላለን። የ70 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ 5 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ከቪትዝ ካቢና ይበልጣል። ከዚያ በታች መስኮቱ ሲዘጋ የካቢናው አየር በሙሉ አብሮ ስለሚገፋ ባሱ ይጎለብታል፣ ዝግ ሳጥን ወደ ታች ሲወርድ የሚያጣውንም ይተካለታል። ባለ ቀዳዳ ሳጥን ይበልጥ ይጮሃል፤ ግን ከተቃኘበት ኸርዝ በታች ኮኑን የሚይዝ አየር ስለሌለ ይወራጫል፣ ይቀደዳል። ሰብሶኒክ ፊልተር (በጣም ዝቅ ያለውን ኸርዝ የሚቆርጥ) በሌለው አምፕ ባለ ቀዳዳ አላስርም የሚለው ለዚህ ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት የቅጽበት ነው፤ ማየት ያለባችሁ አርኤምኤሱን፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚችለውን ዋት ነው። እዚህ የገባው 300 ዋት አርኤምኤስ፣ ሁለት ባለ 4 ኦም ኮይል (ኮኑን የሚነዳ የሽቦ ጥቅል፤ ኦም ኮረንቲን የመቋቋም መለኪያ ነው) ያለው ነው። ኮይሎቹ በትይዩ ሲታሰሩ 2 ኦም፣ በተከታታይ ሲታሰሩ 8 ኦም ይሆናሉ። አምፑ 2 ኦም እንደሚችል ሳያረጋግጥ በትይዩ ያሰረ ሰው አምፑን ሊያቃጥል ይችላል።

ኬብሉን ሲመርጥ ያየነውን እናንተም አድርጉት። ከጫፉ ላጠና አንዷን ክር በምላጭ ፋቃት። ውስጧ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ በዚያው ውፍረት ያን ያህል ኮረንቲ አይሸከምም። ይኼኛው ውስጡም ቀይ ነበር፤ 16 ካሬ ሚሊሜትር ንጹሕ መዳብ። ፊውዙ 40 አምፔር ሲሆን ከባትሪው ከ45 ሳንቲሜትር ሳይርቅ ተገጥሟል፤ ኬብሉ ላሜራ ነክቶ ቢላጥ መኪናው እሳት እንዳይነሳበት። ኔጌቲቩ ከመኪናው ላሜራ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ላይ ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ተፍቆ በቡሎን ጠብቋል።

ጌይኑን (አምፑ ከቴፑ የሚመጣውን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን) በጆሮ አልገመተም። ሰብዉፈሩን ነቅሎ፣ ባስ ቡስቱን አጥፍቶ፣ ቴፑን ሦስት አራተኛ ላይ አድርጎ የ50 ኸርዝ ድምፅ ለቀቀና የአምፑን መውጫ በቴስተር ለካ። 300 ዋት ሲባዛ በ2 ኦም፣ 600 ነው፤ የእሱ ስኩዌር ሩት 24.5 ቮልት። እዚያ ላይ አቆመ። ጌይን እንደ ቮልዩም ሲከፈት ሞገዱ ጫፉ ይቆረጣል፣ ኮይሉም ይግላል፤ ያ የታወቀው የተቃጠለ ሙጫ ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቀጠሮ ስትይዙ መኪናችሁ ሁለት ቀን እንደሚያድር አስቡ። የ18 ሚሊሜትሩ ኤምዲኤፍ ሳጥን ከውስጥ በሲሊኮን ይታሸጋል፣ ሲሊኮኑ ሳይደርቅ የሚወጣው ጋዝም የሰብዉፈሩን ሙጫ ሊጎዳ ስለሚችል 24 ሰዓት ሳይሞላው አይገጥምም። አታጣድፉት።