«1000 ዋት» ተብሎ የሚሸጠውን ባለባትሪ ሣጥን ከመግዛታችሁ በፊት

በቱሉ ዲምቱና በአካባቢው ኮንዶሚኒየሞች የምትኖሩ ወገኖቼ፣ መብራት ሲጠፋ ቤት ሙሉ ያበራል እየተባለ በየግቢው የሚሸጠውን፣ ግራጫ ቀለምና ሰማያዊ እጀታ ያለውን ባለባትሪ ሣጥን እንዳትገዙ፣ የገዛችሁም ካላችሁ ሌሊት ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ እንዳትተኙ ለማሳሰብ ይህን ጽፌያለሁ። በእኛ ብሎክ ዘጠኝ ቤተሰቦች ተሰባስበን በሐምሌ ወር እያንዳንዳችን በ28,000 ብር ሒሳብ ተስማምተን ነበር። እስከ ዛሬ ገንዘቧ የተመለሰላት አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ናት፤ እንዴት እንደተመለሰላት ወደ በኋላ እገልጻለሁ።

ሻጩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ አምፖል አብርቶ፣ ቴሌቪዥን ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ ያህል አሳየን። ከዚያም በሣጥኑ ጎን የተለጠፈውን «1000 ዋት፣ 80,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት» የሚል ጽሑፍ በጣቱ እየጠቆመ፣ «የመኪና ባትሪ 60,000 ነው፣ ይህ 80,000 ነው፤ እናንተው አወዳድሩት» አለን። ሁላችንም አወዳደርነው፣ ሁላችንም ተሳሳትን። አንድ ሺህ ሚሊ አምፔር ሰዓት አንድ አምፔር ሰዓት ነው፤ የመኪናው ባትሪ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዘው በ12 ቮልት ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲባዙ 720 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ባትሪው በጠቅላላ የሚይዘው ኃይል ማለት ነው። የሣጥኑ 80 አምፔር ሰዓት ግን የሚቆጠረው በውስጡ ባሉት ትንንሽ ሊቲየም ባትሪዎች 3.7 ቮልት ነው፤ ስለዚህ ተለጣፊው እውነት ቢሆን እንኳ 296 ዋት ሰዓት ብቻ ነው፣ ማለትም ከመኪናው ባትሪ ግማሽ አይሞላም። «1000 ዋት» የሚለውም ሣጥኑ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል እንጂ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ አይናገርም። ጣሪያችን ላይ ባለው ሮቶ ብንመስለው፣ ዋት የቧንቧው ስፋት ነው፤ ዋት ሰዓት ደግሞ ሮቶው ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ለእኛ የታየን ቧንቧው ብቻ ነበር።

መብራት የጠፋ ዕለት ማታ 60 ዋት የሚበላ ቴሌቪዥን፣ 10 ዋት ራውተርና 10 ዋት አምፖል ሰካሁበት። በ40ኛው ደቂቃ አፏጨና ጠፋ። አንዲት እናት «ምጣድም ይችላል» ተብለው ስለነበር እንጀራ ሊጋግሩበት አስበው ነበር፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ እንደሚፈልግ ለሚያውቅ ሰው ይህ በሰው ችግር ላይ የተነገረ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

የእኔን ሣጥን ይዤ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። አራቱን ብሎን ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሳ በቅድሚያ ያየነው ባትሪ አልነበረም፤ ከወለሉ ጋር በሙጫ የተጣበቀ፣ በሚዛን ሁለት ኪሎ ተኩል የሆነ የብረት ሰሌዳ ነበር። ሣጥኑን ስናነሳው «ከባድ ነው፣ ጥሩ ዕቃ ነው» ያስባለን እርሱ ነው። በአንድ ጥግ የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ያላቸው አሥራ ሁለት ክብ ባትሪዎች ታስረዋል፤ ሰባቱ ሰማያዊ፣ አምስቱ ሮዝ ልባስ ያላቸው ሲሆኑ፣ ጫፋቸው ላይ የድሮ ብየዳ ጠባሳ ይታያል። ጠጋኙ ከአሮጌ ላፕቶፖች የተነቀሉ መሆናቸውን ነገረኝ። በእያንዳንዳቸው ላይ 1,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ተጽፏል፤ አሥራ ሁለቱ አንድ ላይ 67 ዋት ሰዓት አይሞሉም። ይህ ተለጣፊው ከሚለው ሩብ እንኳ የማይደርስ ሲሆን፣ የባትሪዎቹ እርጅናና በመሀል የሚባክነው ኃይል ሲታሰብ ያን ማታ ካየሁት 40 ደቂቃ ጋርም ይገጥማል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ዕድሜያቸውና ዓይነታቸው የተለያየ ባትሪዎች ሙቀት የሚቆጣጠር ምንም ነገር ሳይኖራቸው መታሰራቸው ነው። ሊቲየም ባትሪ ከልክ በላይ ሲሞላ ወይም ሲግል በእሳት ሊያያዝ ይችላል፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ ይህን ሣጥን ልጆች በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ያስቀምጡት ነበር።

ሻጩ «ዕቃው ከዱባይ በመንገደኛ ሻንጣ የመጣ ነው፣ ለዚህ ነው የረከሰው» ብሎንም ነበር። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ መንገደኛ ይዞት አውሮፕላን ላይ እንዲሳፈር አይፈቀድለትም፤ ከ100 እስከ 160 ያለውም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ 296 ዋት ሰዓት የሚይዝ ሣጥን በሻንጣ መጣ የሚላችሁ ሰው፣ ቢያንስ ከሁለቱ አንዱን ዋሽቷል።

የተመለሰላት ጎረቤታችን ደረሰኝ የጠየቀች ብቸኛዋ ሰው ነበረች። ሻጩ ለሌሎቻችን «ያለ ደረሰኝ ከወሰዳችሁ 15 በመቶው ቫት ይቀርላችኋል» ብሎ በግል ስም ወደ ተከፈተ ሒሳብ አስከፈለን፤ እርሷ ግን 32,200 ብር ከፍላ ደረሰኟን ያዘች። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ እርሷም በ12ኛው ቀን ደረሰኟን ይዛ ሱቁ ድረስ ሄዳ ተከራክራ ተቀበለች። እኛ ስንሄድ «እኔ እንደሸጥኩላችሁ በምን ታስረዳላችሁ?» ተባልን። 4,200 ብር አተርፋለሁ ያልነው ሰዎች ለዕቃውም ለክርክሩም ባዶ እጃችንን ቀረን።

አዲስ ቴክኖሎጂን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት፣ ትክክለኛው ከሆነ፣ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ተሞልቶ የሚሠራ በመሆኑ፣ ቶሎ ከሚደክመው፣ እንደ መኪናው ካለው ከተለመደው የእርሳስ ባትሪ ይልቅ ለእንደኛ ዓይነት ቤት የሚበጅ ይመስለኛል። የእኔ ጥፋት የተጀመረው ለምን እንደምፈልገው ሳልወስን ዕቃውን በመፈለጌ ነው። ከኪሳራው በኋላ ወረቀት ይዤ ሳሰላ፣ የቤቴ ፍላጎት አንድ 9 ዋት አምፖል ለአራት ሰዓት፣ ራውተር ለአምስት ሰዓት፣ የሦስት ስልክ ቻርጅም ጭምር ሆኖ 150 ዋት ሰዓት አካባቢ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሻጩን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሆን ነበር፤ «ዋት ሰዓቱ ስንት ነው? እዚሁ አምፖል ሰክተን እስኪጠፋ እንቆይ።» ሐቀኛ ነጋዴ ይህን አይከለክልም። የእኛው ሰው ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ አላበራውም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

ጠረጴዛው ባለፈው እሑድ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ዳር ተዘርግቶ ታይቷል። የተፈታው ሣጥን፣ ባትሪዎቹ ወጥተው፣ ከብረት ሰሌዳው ጋር ብሎካችን ጥበቃ ቤት ተቀምጧል፤ ለመግዛት ያሰበ ሰው ካለ ለጥበቃው ነግሮ በዓይኑ ማየት ይችላል።