ዲቪዲ ወይስ ብሉሬይ? ኮዬ ፈጬ ላለ ሳሎን

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብታችሁ ዕቃ ስታደራጁ፣ ሲዲ የታጨቀበት አንድ ካርቶን አይጠፋም። የሰርግ ቪዲዮ፣ የልጆች ክርስትና፣ የድሮ የአማርኛ ፊልም። ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ወይ ጥቅሉ ሲያልቅ ይሄ ካርቶን ባለውለታ ነው። ግን በምን እንየው? በዲቪዲ ማጫወቻ ወይስ ከዲቪዲ ቀጥሎ በመጣው፣ ምስሉ በሚጠራው ብሉሬይ?

ቪሲዲን፣ ማለትም ከዲቪዲ በፊት የነበረውን የፊልም ሲዲ፣ ቶሎ እንለፈው። አንዱ ሲዲ 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ፣ ፊልሙ ልብ ሲሰቅል ተነስቶ ክፍል ሁለትን መክተት ግድ ነበር። ለሱ ብላችሁ ለብቻው ማጫወቻ አትግዙ፤ አብዛኞቹ የዲቪዲ ማጫወቻዎች ያነቡታል። ከብሉሬይ ማጫወቻዎች ግን የማያነቡትም አሉ። አንድ ቪሲዲ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ አስሞክሩ።

አሁን ወደ ዋናው። ዲቪዲ በአንድ ንብርብር (መረጃው በሚጻፍበት ንጣፍ) 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፣ ምስሉም 720 በ576 ነጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ብሉሬይ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋባይት ይይዛል፣ ምስሉ ደግሞ 1920 በ1080። በነጥብ ብዛት አምስት እጥፍ ማለት ነው። ባለ 32 ኢንች ቲቪ ላይ ከሶፋ ሆናችሁ ስታዩት ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይጎላም። ከ43 ኢንች በላይ ሲሆን ነው የተዋናዩ ላብ ሳይቀር የሚታየው።

የሰርጋችሁ ዲቪዲ ብሉሬይ ማጫወቻ ውስጥ ስለገባ አዲስ አይሆንም። ማሽኑ ምስሉን ለትልቁ ስክሪን ይለጥጠዋል እንጂ ያልተቀረጸውን ከየት ያመጣል? የአገር ውስጥ ፊልም ደግሞ በብሉሬይ ታትሞ ሲሸጥ አላየሁም። ስለዚህ ካርቶኑ ሙሉ በሙሉ የአገር ቤት ከሆነ፣ ፍላሽ የሚቀበል ደህና ዲቪዲ በቂ ነው። ብሉሬይ የሚያዋጣው ትልቅ ቲቪ ላለውና ከውጭ ኦሪጅናል ሲዲ የሚልክለት ዘመድ ላለው ነው። ብሉሬይ ዲቪዲንም ያጫውታል፤ ዲቪዲ ማጫወቻ ግን ብሉሬይን አይከፍትም።

ዘመድ ካልን አይቀር፣ ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ኦሪጅናል ዲቪዲና ብሉሬይ ብዙ ጊዜ በሚሸጡበት የዓለም ክፍል፣ ማለትም በ«ክልል»፣ ይቆለፋሉ። ኢትዮጵያ በዲቪዲ ክልል 5፣ በብሉሬይ ክልል ቢ ናት። አሜሪካ 1 እና ኤ ናት። አክስት ከዋሽንግተን የላከችው ብሉሬይ እዚህ በተገዛ ማጫወቻ አልከፍትም ሊል ይችላል። «እንግዲያው ማጫወቻውንም ትላክልን» ካላችሁ፣ የአሜሪካው ማሽን ብዙ ጊዜ በፓል፣ ማለትም በእኛ አገር የቲቪ ምስል ስርዓት፣ የተቀረጸ የሰርግ ዲቪዲ ላይ ያምፃል። ከሁሉም በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 100–240 ቮልት ካለ ሰላም ነው። 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ በሚዘልበት ሰፈር ደግሞ የትኛውንም ብትገዙ ስታቢላይዘር አይቅር።

አቧራ ሌላው ጠላት ነው። ዲቪዲን በለስላሳ ጨርቅ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ፤ ማዞር የለም። ብሉሬይን በጥርስ ሳሙና እንዳትነኩት። መረጃው ያለው ከላዩ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ገባ ብሎ ነው፣ መከላከያ ሽፋኑ ከተፋቀ አለቀለት።

ያገለገለ ብሉሬይ ስትገዙ ሪሞቱን ሳትቀበሉ አትክፈሉ። ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ ያላቸው ሁለት ሦስት ቁልፍ ብቻ ነው፤ ያለ ሪሞት ሜኑው ውስጥ መግባት አይቻልም።