የውርንጭላ የደም ኢንፌክሽን፦ ካልቸር ወይስ የዲኤንኤ ንባብ?

አዲስ የተወለደ የፈረስ ውርንጭላ ደሙ በባክቴሪያ ሲመረዝ ጊዜ አይሰጥም። ካልቸር፣ ማለትም በደሙ ያለውን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ማብቀል፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጃል፤ አንቲባዮቲክ ቀድሞ ከተሰጠ ደግሞ ባክቴሪያው ደሙ ውስጥ እያለም ላይበቅል ይችላል። ያም ሆኖ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ በቀጥታ የሚያሳየው ካልቸሩ ነው።

የዲኤንኤ ንባቡ፣ ማለትም የባክቴሪያን ዓይነት ለመለየት የሚያገለግለውን 16ኤስ የተባለ ጂን ማንበብ፣ የሞተ ባክቴሪያንም ያገኛል። ጣጣው ከቆዳና ከምርመራው ኬሚካሎች የሚገባው ባዕድ ዲኤንኤ ነው፤ ደም የሌለበት ባዶ ናሙና ጎን ለጎን ካልተሠራ ውጤቱን አልቀበልም። ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ከቅርብ ዘመዱ ከሺጌላም በቅጡ አይለይም። ለዚህ ንባብ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት ቱቦ ይቀዳ፤ ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር፣ ሄፓሪን፣ ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ፒሲአር ያውካል።

ለሁለቱም የአንገቱ ጸጉር ተላጭቶ፣ ቆዳው በክሎርሄክሲዲን ታጥቦ፣ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደም ይወሰዳል። አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ካልቸሩ ይቅደም፤ ሕክምናው ግን የማንኛቸውንም ውጤት አይጠብቅም።